ከመቃብሩ በላይ የቀየስነው መንገድ

ጡረታ በወጣሁ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ኬክ አስቆረሱኝና ትንሽ ንግግር እንዳደርግ ጠየቁኝ። ብድግ ብዬ አመሰገንኳቸውና መልሼ ተቀመጥኩ። ዕድሜውን በቀያሽነት የፈጀ ሰው ስለ መንገድ የሚለው አያጣም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ፊቴ ላይ ድቅን ያለው ከአርሲዋ የጎበሳ ከተማ በላይ ያለ አንድ የጫካ ተዳፋት ነበር፤ እሱን ደግሞ ኬክ በእጁ ለያዘ ሰው መንገር አልሆነልኝም። ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት።

የአሰላ ልጅ ነኝ። አባቴ ገበያው አጠገብ ልብስ ይሰፋ፣ እናቴ ቅቤ ትነግድ ነበር። ቤታችን አማርኛውም ኦሮምኛውም እኩል ይነገራል፤ አባቴ ሲቆጣን በአማርኛ፣ ሲያባብለን በኦሮምኛ ነበር። ትምህርቴን የጨረስኩት ሴቶችም በየሥራው ይግቡ በሚባልበት በደርግ ጊዜ ነውና፣ የመንገድ ሥራ ሰዎች ረዳት ቀያሽ ሲፈልጉ ሒሳብ ስለምወድ ተመዘገብኩ። መቀጠሬን ስነግረው አባቴ የስፌት መኪናውን አቆመ። ልጁ ከወንዶች ጋር ጫካ ለጫካ እየዞረች ድንኳን ውስጥ ማደሯ አልዋጥልህ አለው።

ጋሽ ወርቁን መጀመሪያ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። የቀያሾቹ ኃላፊ ነበሩ፤ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው ኢተያ አካባቢ የሰፈሩ፣ ቀጠን ብለው የረዘሙ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። የኮታቸውን እጅጌ ለማሳጠር የመጡ መስለው አባቴ ዘንድ ተቀመጡ። ኮቱ እስኪያልቅ ድረስ ስለ እኔ አንድም ነገር አላነሡም። ሲነሡ ግን፣ ከካምፑ ወጥ ሠሪ ሴት ጋር እንደማድር፣ ለበዓል ለበዓል ቤቴ እንደምመጣ፣ እሱም በፈለገው ቀን መጥቶ ማየት እንደሚችል ነገሩት። አባቴ አንድ ቀን ሳይነግረኝ መጥቶ አየ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንሥቶት አያውቅም።

መጀመሪያ የሠራሁት እዚያው ኢተያ ስንዴው መሀል ነበር። ሜዳ ላይ መቀየስ ክር መዘርጋት ማለት ነው፤ እኔ ሥራው ሁሉ እንዲህ መስሎኝ ነበር። ቀጥሎ ዴራ ወረድን። ቆላው ደረቅ ነው፤ አቧራው ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል። አንድ ቀን ግን ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ እኛ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በጎርፍ መጣና ያስቀበርነውን ቱቦ ነቅሎ ወሰደው። ጋሽ ወርቁ ጎርፉ እስኪያልፍ ቆመው አዩትና፣ ውሃ የመጣበትን ሳያዩ ቱቦ መቅበር ሰውን ስሙን ሳይጠይቁ እንደ መዳር ነው አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሥራውን ያስተማሩኝ በቃል ብቻ አይደለም። ስሳሳት አይቆጡም፤ ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ ዘግነው እጄ ላይ ያደርጉና "ደግመሽ አንብቢው" ይሉኛል። ቆሎውን እየቆረጠምኩ ደግሜ አነባለሁ። ቴዎዶላይቱን፣ ማለትም የቀያሽ መነጽሩን፣ ከሳጥኑ ከማውጣታቸው በፊት ቦታውን በእግራቸው ይዞሩታል። አፈሩን መዳፋቸው ላይ አድርገው በምራቃቸው እርጥብ ያደርጉትና ይጠቀልሉታል፤ እንደ ሊጥ ከተጠቀለለ፣ ዝናብ ሲጠጣ የሚያዳልጥ ሸክላ ነውና፣ ፊታቸው ይከብዳል። ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀና ብለው አያዩም። የዛፎቹን እግር ነው የሚያዩት። ከሥሩ ቆልመም ብሎ ወደ ላይ የተቃና ዛፍ ካገኙ እጃቸውን ይጭኑበታል። መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲሳብ፣ ዛፉ ደግሞ ወደ ብርሃን ሊቃና ሲታገል እንደዚያ እንደሚሆን ያወቅሁት ከሳቸው ነው።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ያንን ከጎበሳ በላይ በጫካው ውስጥ የሚያልፈውን የተራራ መንገድ እንድንሠራ ታዘዝን። ሕዝቡ ለመንገዱ ጓጉቶ ነበር። ገብሱ በአህያ ነበር የሚወርደው፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ኢንጂነር ሰለሞን የሚባሉ ዝምተኛና ትጉ ሰው ነበሩ፤ ጋሽ ወርቁን ሳያማክሩ አንድ ነገር አይወስኑም።

ጽዱና ዝግባው መሀል ችካል እየተከልን ስንሄድ ጋሽ ወርቁ መንገድ ተራራን ምን እንደሚያደርገው በየዕለቱ ትንሽ በትንሽ ይነግሩኝ ነበር። የተራራውን እግር ስትቆርጪው ላይኛው የተደገፈበትን ያጣል። የቆረጥሽውን አፈር ወደ ታች ከደፋሽው ታችኛው ያልለመደውን ሸክም ይሸከማል። ዝናቡን ጫካው በየሥሩ ተከፋፍሎ ይጠጣው ነበር፤ አንቺ ግን በመንገድሽ ዳር ቦይ ሰብስበሽ አንድ ቦታ ታፈሺዋለሽ። ስለዚህ የመንገድ ሥራ ግማሹ የውሃ ሥራ ነው ይሉኝ ነበር።

መስመራችን አንድ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲደርስ አንድ ቤት አገኘ። ኦቦ ገመዱና ባለቤታቸው አደ ፋጤ የሚኖሩበት ነበር፤ በኦሮምኛ ኦቦ አቶ፣ አደ ወይዘሮ ማለት ነው። በእድሜ የገፉ፣ ሌላ ሰው በቤታቸው የሌለ ባልና ሚስት ናቸው። ችካሉ ቤቱን በጥቂት ስቶ በአጥሩ ጥግ ያልፋል፤ እዚያ ጥግ ላይ፣ ከአንድ የጽድ ዛፍ ሥር፣ በራስጌው ድንጋይ የቆመበት ትንሽ መቃብር ነበር። የሴት ልጃቸው ነው። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ጋሽ ወርቁ ኦሮምኛ ለገበያ የሚበቃቸውን ያህል ይችሉ ነበር፤ ለዚህ ግን አልበቃቸውምና እኔ አስተረጎምኩ። መሬቱ የመንግሥት ነው፣ መቃብርም ቢሆን ይነሣል ማለት ይችሉ ነበር፤ ሌላ ቦታ እንደዚያ ሲባል ሰምቻለሁ። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ገብተው ተቀመጡና የልጅቱን ስም ጠየቁ። አደ ፋጤ ሰሚራ ትባላለች አሉ፤ "ትባል ነበር" አላሉም። ጋሽ ወርቁ ችካሉ የሚያልፍበትን ነገሩ፣ እኔም በኦሮምኛ መለስኩት። ኦቦ ገመዱ አልተከራከሩም። አደ ፋጤ ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ኢንታላ ኮ ሁለቴ አልቀብራትም" አሉ። "ልጄን" ነው ያሉት። ይህንንም ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስኩት።

ጋሽ ወርቁ እሳቸውም በኩፍኝ የሞተች ልጅ እንደነበረቻቸው ያወቅሁት ያን ዕለት ወደ ካምፕ ስንመለስ ነው። የነገሩኝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በማግስቱ መስመሩን ከቤቱ በላይ፣ ወደ ጫካው ከፍ አድርገው አዞሩት። እዚያ ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ ተራራውን ጠለቅ አድርጎ መቁረጥ ይጠይቃል። አንዳንዶቹ ዛፎች እግራቸው ቆልመም ያለ መሆኑን አየሁና ነገርኳቸው። "አይቼዋለሁ፣ ዘይነባ" አሉኝ። ኢንጂነር ሰለሞንን ጠርተዋቸው ሦስታችን ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች ዞርነው። በጋ ነበር። ከተዳፋቱ የምትወጣ አንዲት ምንጭ የምትንጠባጠብ ብቻ ነበረች፤ አፈሩም ደርቆ እጅ ላይ ይፈረፈራልና የሚይዝ መሰለን። ከላይ ውሃ የሚመልስ ቦይ ይቆፈር፣ ቱቦዎቹ ይብዙ፣ ዶዘሩ አፈሩን ወደ ታች አይድፋ፣ በመኪና ተጭኖ ይራቅ ተባለ። ሁሉም ተደረገ። ኢንጂነሩ ፈረሙ፣ ሥራው ተጀመረ።

መንገዱ ሲያልቅ የጎበሳ ገበያ ሌላ ገበያ ሆነ። አደ ፋጤ ሥራ ቦታ ድረስ እርጎ ይዘውልን ይመጡ ነበር፤ ለጋሽ ወርቁ በተለየ ቅል። የመጀመሪያው ክረምት በሰላም አለፈ። ጋሽ ወርቁ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሄደው ቦዩን ያዩ ነበርና፣ መስከረም ሲጠባ ፊታቸው ፈታ አለ።

ያን ጊዜ ያላስተዋልነውን ዛሬ ማንም ያውቀዋል። ለመንገዱ ስፋት ብለን የቆረጥናቸው ዛፎች ሥራቸው በተቆረጡ ማግስት አልሞተም። መሬት ውስጥ ሆኖ ተራራውን እንደያዘ ቆየ፤ ከዚያ ቀስ በቀስ መበስበስ ጀመረ። የመጀመሪያውን ክረምት የያዘልን እሱ ነው። በኋላ ግን የሚይዝ አልነበረም።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ክረምት ዝናቡ ገብቶ መውጣት እንቢ አለ። ከመንገዱ በላይ ጫካው ውስጥ መሬቱ እንደ ማጭድ ጎበጥ ብሎ ተሰንጥቆ አገኘነው። ጋሽ ወርቁ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ በአንድ መስመር ችካል አስተከሉኝና በመነጽሩ አየን፤ ቀጥ ያለ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ስናይ መስመሩ ተጣሟል። መነጽሩን ደግሜ አስተካክዬ ደግሜ አየሁ። ቆሎ አልሰጡኝም። "ልክ ነሽ" ብለው ሮጠው ወረዱ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

መንገዱን በሁለቱም በኩል አስዘጋን። ከዚያ ወደ ቤቱ ሄድን። ኦቦ ገመዱ ነገሩ ወዲያው ገባቸው፤ ከብቱን ነድተው ማሻገር ጀመሩ። አደ ፋጤ ግን ከደጃፋቸው አልነሣ አሉ። እኔም ለመንኩ፤ እናቴን እንደምለምን ነበር የለመንኳቸው። "እሷን ትቼ የት እሄዳለሁ?" አሉኝ።

ጋሽ ወርቁ ጭቃው ላይ ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አሉ። የሚሉትን ለማስተርጎም ጎንበስ አልኩ፤ እሳቸው ግን በዚያች በተሰባበረች የገበያ ኦሮምኛቸው ራሳቸው ተናገሩ። "መስመሩን ያዞርኩት ለሰሚራ ብዬ ነው። አሁን እርስዎም ለሰሚራ ብለው ይውጡ። የሚያስታውሳት ሰው ያስፈልጋታል።"

አደ ፋጤ ወደ ጽዱ ዘወር ብለው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ደግፈን አነሣናቸው።

ተራራው የወረደው በማግስቱ ቀትር ላይ ነው። ከማዶው ጉብታ ላይ ቆመን ነበር። መጀመሪያ የሰማነው ሥር ሲበጠስ ነው፤ ጨርቅ እንደሚቀደድ ያለ ድምፅ። ከዚያ ዛፎቹ ተንቀሳቀሱ። አልወደቁም፤ ቅጠላቸው እንኳን ሳይዛባ፣ ቆመው ነበር የሚወርዱት። መንገዳችንን ተሻገሩት፣ ቤቱን ተሻገሩት፣ ከአጥሩ ጥግ ሲደርሱ መዘንበል ጀመሩ። ከዚያ ሁሉም ጭቃ ሆነ። ጸጥ ሲል የተረፈ ነገር አልነበረም፤ ቤቱ የለም፣ ማሳው የለም፣ ጽዱም፣ ድንጋዩም የለም። ሰው አልሞተም። ኢንጂነር ሰለሞን ይህንን ደጋግመው ተናገሩ። ጋሽ ወርቁ የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። አደ ፋጤን ለማየት አንገታቸው አልዞር ብሏቸው፣ ባዶውን ቦታ ያያሉ።

ጊዜው ክፉ ነበር። መንገድ ከተቆረጠ "አሻጥር ነው" የሚል አይጠፋም፤ ያ ቃል ደግሞ ሰው ያስበላል። ለማጣራት የመጡ ሰዎች በገበሬ ማኅበሩ አዳራሽ ሰበሰቡን። ኢንጂነሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ አሉ። ጋሽ ወርቁ መስመሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ አሉ። ከአጣሪዎቹ አንዱ ታዲያ ታችኛው መስመር ደህና ሆኖ ሳለ ለምን ወደ ላይ ወጣ ብሎ ጠየቀ። ይህን ጊዜ ኦቦ ገመዱ ከኋላ ተነሡ። ዱላቸውን ተደግፈው፣ በኦሮምኛ፣ ሳይቸኩሉ ተናገሩ። "እኚህ ሰው ቤቴ ገብተው የሞተች ልጄን ስሟን ጠይቀዋል። ጠላት ስም አይጠይቅም። ቤቴ ጠፋ፤ እኔና ሚስቴ ግን ቆመን የምናየው እሳቸው ስላስወጡን ነው።" እንደገና ተቀመጡ። ጥያቄው ቀጠለ፣ ወረቀቱም ተጻፈ፤ "አሻጥር" የሚለውን ግን ከዚያ በኋላ የደገመው የለም።

በጋውን መጀመሪያ በቀየስነው በታችኛው መስመር ላይ መንገዱን አዲስ ሠራነው፤ መቃብሩ ከናዳው ሥር ጠልቆ ስለቀረ አሁን የሚነሣ ነገር አልነበረም። የተንሸራተተውን መሬት ውስጥ ለውስጥ በድንጋይ ቦይ አደረቅነው፤ ላዩን ኮሶና ጽድ ተከልንበት። ኦቦ ገመዱና አደ ፋጤ በዘመድ መሬት ላይ ሌላ ቤት ሠርተው ነበር፤ አደ ፋጤ ግን ለችግኝ ተከላው በየቀኑ ይመጡ ነበር። ጋሽ ወርቁ ሲያዩአቸው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳሉ። አንድ ቀን አደ ፋጤ ተከትለዋቸው ሄዱና ለእኔ "ንገሪልኝ" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"እኛ ያለበስናት አፈር ትንሽ ነበር። አሁን ተራራው ራሱ መጥቶ አለበሳት። ብርድ አያገኛትም ብዬ ነው የምጽናናው። እርስዎም በዚሁ ይጽናኑ።"

ጋሽ ወርቁ ችግኙን ይዘው እዚያው ተቀመጡ፤ አደ ፋጤም አጠገባቸው ተቀምጠው አፈሩን በእጃቸው አለሰለሱላቸው።

ጋሽ ወርቁ ጥቂት ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጡና ኢተያ ገቡ። የእሳቸው ቦታ ለእኔ ተሰጠኝ። ደሞዙ እምብዛም አልተለወጠም፤ ኃላፊነቱ ግን ሌላ ነበር፤ ቆሎ የሚሰጠኝ ሰው አልነበረም።

በደርግ መጨረሻ ግድም በተራራው በሌላኛው በኩል ባለ ጫካ መንገድ ስቀይስ፣ መስመሬ ቱሉና ደስታ የሚባሉ ወጣት ባልና ሚስት ቤት ላይ አረፈ። ቤቱ አዲስ ነው፤ ጭቃው ገና አልተሰነጠቀም። ቀና ብዬ ከበላዩ ያለውን ጫካ አየሁ። መዞር ይቻል ነበር። ወጣሁና የዛፎቹን እግር አንድ በአንድ አየሁ። ብዙዎቹ ቆልመም ብለዋል። አንዱ ላይ እጄን ጭኜ ቆየሁና ወረድኩ።

ደስታ ነፍሰ ጡር ነበረች። ቤታቸው ገብቼ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ተቀመጥኩ። መስመሩ እንደማይዞር ነገርኳቸው፤ ለምን እንደማይዞር ለማስረዳትም ስለ ሰሚራ ነገርኳቸው። ቱሉ ጎልማሳ አይደለም፤ ንዴቱ ፊቱ ላይ ይነድዳል። "የእርስዎ ቤት ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?" አለኝ።

"አለቅስ ነበር" አልኩት። "ከዚያ አፈርሰው ነበር።"

ቱሉም፣ ብቻዬን አፍርሼ ብቻዬን ልሠራው ነው ወይ አለ። ብቻህን አይደለህም አልኩት። አለቃዬን ለመንኩና ሥራውን አቁመን ሠራተኛው በሙሉ ቤቱን ማገር በማገር ፈትቶ፣ ከመንገዱ በታች ገበሬ ማኅበሩ በሰጣቸው ረባዳ ያልሆነ ቦታ ላይ እንዲተክለው ፈቀዱልኝ።

ነገሩን ለጋሽ ወርቁ በኢተያ በኩል ሳልፍ ነግሬያቸው ነበር። እመጣለሁ አላሉኝም። ቤቱን በምንፈታበት ጠዋት ግን ቦቲ ጫማ አድርገው፣ ጃንጥላ ይዘው ከጭነት መኪና ሲወርዱ አየኋቸው። አርጅተዋል። አረፍ ይበሉ አልናቸው። እሺ አላሉም፤ ምሰሶው ሲነሣ ከአንዱ ጫፍ ገብተው ትከሻቸውን ሰጡ። እኔም ከኋላቸው ገባሁ። ጭቃው እያዳለጠን፣ ቀስ እያልን ወረድን።

ምሰሶው ቆሞ፣ ግድግዳው ተማግሮ፣ ጣሪያው ግማሹ ብቻ ተከድኖ ሳለ ዝናብ ያዘን። ሁላችንም የተከደነው ሥር ተጠጋን። ደስታ ጉልቻዋን ጥጉ ላይ አስቀምጣ ቂንጬ ቀቀለች፤ ቅቤ አፈሰሰችበት። ጋሽ ወርቁ ብቻ ጃንጥላቸውን ይዘው ውጭ ቆሙ። የለመደባቸው ነበር። ከዚያ ናዳ ወዲህ በምንሠራበት አካባቢ ያሉ ሰዎች "ይግቡ" ሲሏቸው ምክንያት ፈልገው ደጅ ነበር የሚቀሩት፤ ማንም ቤት ገብተው ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

ደስታ ሆዷን ደግፋ ወደ በሩ ወጣች። "አባባ፣ የመጀመሪያ እንግዳችን እርስዎ ነዎት። ይግቡልን" አለቻቸው።

ተዳፋቱን ቀና ብለው አዩ፤ ውሃው በቤቱ ጎን አልፎ ወደ ወንዙ ሲወርድም አዩ። ከዚያ ጃንጥላውን አጠፉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁና ጎንበስ ብለው ገቡ። ከቱሉ አጠገብ ተቀምጠው ቂንጬውን በሉ፤ ሲያልቅ ሣህኑን ዘርግተው ይጨመርልኝ አሉ።